የታማሚን ቆዳ በሥርዓት መመርመር፦ ለጤና ረዳት ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ተማሪዎች የቆዳ ምርመራ ላይ የሚሳሳቱት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ችኮላ ነው። ቁስሉን እንዳዩ ስም ያወጡለታል። «ጭርት ነው» ካሉ በኋላ ዓይናቸው ጭርት የሚመስለውን ብቻ ይፈልጋል፤ ቆዳው መደንዘዙን አይፈትሹም፣ ሌላኛውን እግር አያዩም፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያከው ሰው እንዳለ አይጠይቁም። ሁለተኛው ከመጽሐፍ የተማሩት ቀለም ነው። ብዙው የማስተማሪያ ሥዕል ነጭ ቆዳ ላይ የተነሣ ስለሆነ ብግነትን «ቀይ» ይለዋል። ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የምታዩት ቆዳ ላይ ግን ብግነት አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም በዓይን ጭራሽ አይለይም። ቅላት የሚፈልግ ተማሪ በሽታውን አልፎት ይሄዳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ንብርብሩን እወቁ፣ ተዘጋጁ፣ ጠይቁ፣ እዩ፣ ዳስሱ፣ ጻፉ። ስም የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ንብርብሮች ሲጎዱ በሚያሳዩት ምልክት አጥኑ

የንብርብሮቹን ስም ብቻ መሸምደድ አልጋው አጠገብ አይጠቅማችሁም። እያንዳንዱ ሲጎዳ ምን እንደሚታይ ያዙ።

1. ኤፒደርሚስ (የላይኛው ቆዳ)። የደም ሥር የለውም። ስለዚህ እዚህ ብቻ የቆመ ቁስል እርጥብ ሆኖ ይታያል እንጂ ብዙ አይደማም፤ ሲድንም ጠባሳ አይተውም። ከታች ወደ ላይ ባዛል፣ ስፓይነስ፣ ግራኑላር፣ ሉሲደም እና ኮርኒየም የሚባሉ ድርድሮች አሉት። ሉሲደም የሚገኘው በመዳፍና በውስጥ እግር ወፍራም ቆዳ ላይ ነው። ከባዛል የተነሣ ሴል ላይ ደርሶ እስኪረግፍ 4 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ብዙ የቆዳ ሕክምና በአንድ ሳምንት ውጤቱ የማይለካው ለዚህ ነው።

ሜላኖሳይት የሚባሉት ቀለም ሰሪ ሴሎችም የሚገኙት እዚሁ ባዛል ውስጥ ነው። ቁጥራቸው በጥቁርም በነጭም ሰው ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚሠሩት ሜላኒን መጠንና ሥርጭት ነው። የኛ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ትቶ ለወራት ይቆያል። ይህን ለታማሚው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት «አልዳንኩም» ብሎ ሌላ ቅባት ይገዛል።

2. ደርሚስ። የደም ሥር፣ የነርቭ ጫፎች፣ የፀጉር ሥር፣ የላብና የቅባት እጢዎች እዚህ ናቸው። እዚህ የደረሰ ቁስል ይደማል፣ ጠባሳም ይተዋል። ላብ ካቆመ፣ ፀጉር ከረገፈ፣ ስሜት ከጠፋ ችግሩ እዚህ ንብርብር ደርሷል።

3. ከቆዳ ሥር ያለው ስብ። ሴሉላይተስ የሚባለው የባክቴሪያ ብግነት ከደርሚስ ወደዚህ ይወርዳል። ጠርዙ የማይለይ፣ የሚያም፣ የሞቀ እብጠት ሆኖ ይገኛል።

ንብርብሩን ማወቅ መድኃኒቱንም ያስረዳል። የእከክ ተባይ የምትቆፍረው ኮርኒየም ውስጥ ስለሆነ የሚቀባ መድኃኒት ያገኛታል። የራስ ቆረቆር ፈንገስ ግን የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ቆረቆር ያለበትን ልጅ በቅባት ብቻ ማመላለስ የተለመደ ስህተት ነው።

ደረጃ 2፦ ታማሚው ከመግባቱ በፊት አዘጋጁ

• የቀን ብርሃን። አልጋውን ወደ መስኮት አስጠጉ። ቢጫ አምፖል ቀለምን ያሳስታል።
• የእጅ ባትሪ። ከጎን አብሩት፤ ከፊት ለፊት ከበራ ከፍ ያለው ጠፍጣፋ ይመስላል።
• ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ፣ ንጹሕ ጥጥ፣ የመስታወት ስላይድ፣ አልኮል፣ ጓንት፣ ቴርሞሜትር።
• የሰው አካል የፊትና የኋላ ንድፍ ያለበት ወረቀት።
• መጋረጃ። ከሌለ ታማሚዋ በራሷ ነጠላ ተሸፍና አንድ አካል ብቻ በየተራ እንድትገልጥ አድርጉ። ሴት ታማሚ በወንድ ተማሪ ስትመረመር ሌላ ሴት ባለሙያ ወይም የራሷ ሰው አብራት ትሁን።

እጃችሁን ታጠቡና አሙቁ። ጮቄ አካባቢ በክረምት ጠዋት የቀዘቀዘ እጅ ሙቀትን አይለይም፤ ታማሚውንም ያስደነግጣል።

ቆዳው ላይ ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም የተወቀጠ ቅጠል ካለ ምን እንደሆነና መቼ እንደተቀባ መዝግቡ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ በሞቀ ውሃ አጽዱ። ናሙና የምትወስዱበትን ቦታ ደግሞ በአልኮል ጥረጉ፤ ቅባት የፈንገስ ምርመራን ያበላሻል። ለቀባው ሰው ግን ፊታችሁን አታጨማድዱ። ያፈረ ሰው የቀባውን ሁሉ አይነግራችሁም።

ደረጃ 3፦ እነዚህን ጥያቄዎች በዚህ ተራ ጠይቁ

1. መቼ ጀመረ? የትኛው ቦታ ላይ? በቀን መቁጠር ካስቸገረ «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ።
2. ያሳክካል? ሌሊት ይብሳል? ያማል? ወይስ ምንም አይሰማም? ምንም የማይሰማ ቁስል ከሚያሳክከው በላይ ሊያሳስባችሁ ይገባል።
3. ቤት ውስጥ፣ አብሮ የሚተኛ ሌላ የሚያከው ሰው አለ?
4. ምን ተቀባ? ምን ተዋጠ? ባለፉት 8 ሳምንታት የተጀመረ አዲስ መድኃኒት አለ?
5. ሥራው ምንድን ነው? ጫማ ያደርጋል? ከመቼ ጀምሮ?

ታማሚው የሚሰጠውን ስም እንዳለ በትምህርተ ጥቅስ ጻፉ፤ ግን አትመኑት። ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ችፌ የሚባሉት ቃላት ከቤት ቤት ትርጉማቸው ይለያያል። አንዷ ቋቁቻ የምትለውን ጎረቤቷ ጭርት ትለዋለች። «ያሳዩኝ» ማለት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ እዩ

መጀመሪያ ከ2 ሜትር ያህል ርቃችሁ ሙሉውን ሰው እዩ። ሥርጭቱ ከአንዱ ቁስል ይልቅ ብዙ ይናገራል። በአንድ በኩል ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም? በተሸፈነ ወይስ በተገለጠ ቦታ? የጎጃም ገበሬ ቁምጣ ስለሚለብስ እግሩ ከጉልበት በታች በቀላሉ ይታያል፤ በዚያ ረክታችሁ ግን ጀርባውንና መቀመጫውን ሳታዩ አትልቀቁት።

ከዚያ ቀርባችሁ እያንዳንዱን ምልክት በዚህ መለያ ሰይሙ፦

• ጠፍጣፋ፣ የቀለም ለውጥ ብቻ፦ እስከ 1 ሴ.ሜ ማኪውል፣ ከዚያ በላይ ፓች።
• ከፍ ያለ፣ ጠጣር፦ እስከ 1 ሴ.ሜ ፓፒውል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ከላይ ጠፍጣፋ ከሆነ ፕላክ፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚዳሰስ ከሆነ ኖጁል።
• ውሃ የቋጠረ፦ ትንሹ ቬሲክል፣ ትልቁ ቡላ። መግል ከቋጠረ ፐስቹል።
• የሚረግፍ ደረቅ ቆዳ ቅርፍርፍ ነው፤ የደረቀ ፈሳሽ ወይም መግል ደግሞ ቅርፊት ነው። ሁለቱን አታምታቱ።
• የላይኛው ቆዳ ብቻ ከተላጠ ኢሮዥን፤ ደርሚስ ከደረሰ አልሰር።

ተማሪ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ማኪውልና ፓፒውል ላይ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን አሳልፉበት። ጣት ካላገኘው ማኪውል ነው።

ደረጃ 5፦ ዳስሱና ፈትሹ

ሀ. ሙቀት። በእጃችሁ ጀርባ ንኩ፤ ሁልጊዜ ከሌላኛው ወገን ተመሳሳይ ቦታ ጋር አነጻጽሩ። ጥቁር ቆዳ የሚደብቀውን ብግነት የሚያወጡት ሙቀት፣ ሕመምና የቆዳ መወጠር ናቸው።

ለ. በመስታወት መጫን። ስላይዱን በጥቁር ነጠብጣቡ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ጫኑት። ከጠፋ ደሙ በደም ሥሩ ውስጥ ነው። ካልጠፋ ከደም ሥሩ ወጥቶ ፈስሷል፤ ትኩሳት ካለ ይህ ድንገተኛ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ካስቸገራችሁ መዳፍን፣ የውስጥ እግርንና የዓይንን ሽፋን ውስጥ እዩ።

ሐ. የስሜት ምርመራ። የሚፈለገው ሥጋ ደዌ ነው፤ ነጣ ያለ ወይም መዳብ የሚመስል፣ የማያሳክክ ምልክት በታየ ቁጥር ይደረግ። በጥድፊያ ከሚበላሹት ፍተሻዎች ዋናው ይህ ስለሆነ በዚህ ተራ ሂዱ፦

1. የጥጡን ጫፍ አሹላችሁ አቅጥኑት።
2. ታማሚው እያየ ጤነኛ ቆዳ ላይ ንኩትና ምን እንደምትፈልጉ አሳዩት፦ «አባቴ፣ የነካሁዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ።»
3. ዓይኑን ይጨፍን ወይም ፊቱን ያዙር።
4. አንዴ ብቻ ነክታችሁ አንሡ። አትጎትቱት፤ የተጎተተ ጥጥ ሩቅ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ያነቃል።
5. ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ደግሞ ከውጭ እያላችሁ ሳታስለምዱ አቀያይሩ። አንዳንዴ ሳትነኩ ጠብቁ።
6. ጤነኛውን ሁሉ እያሳየ ውስጡን ደጋግሞ ከሳተ ስሜት ጠፍቷል ብላችሁ ጻፉ።

«ይሰማዎታል?» ብላችሁ በፍጹም አትጠይቁ። ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። ፊት ላይ ያለ ምልክት ሥጋ ደዌ ሆኖ እንኳ ስሜት ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ነርቭ አለበትና። ሕፃናት ላይም ውጤቱ አያስተማምንም። ታማሚው ከተደናገረ ፍተሻውን አቁማችሁ ከቁጥር 2 እንደገና ጀምሩ፤ የተደናገረ ውጤት አትመዝግቡ።

መ. ነርቭ። ክርኑን አጥፎ ከውስጠኛው አጥንት ጀርባ አልናር ነርቭን፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ደግሞ የፊቡላን (የቀጭኑን የቅልጥም አጥንት) አንገት የሚዞረውን ነርቭ ፈልጉ። በጣት ጫፍ ሳይሆን በጣት ሆድ ዳስሱ፤ ግራና ቀኙን አነጻጽሩ። ስትዳስሱ እጃችሁን ሳይሆን የታማሚውን ፊት እዩ፤ ሕመሙ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ደረጃ 6፦ ጻፉ

ቦታ፣ ብዛት፣ መጠን፣ ዓይነት፣ ቀለም፣ ጠርዝ፣ ቅርፍርፍ ወይም ቅርፊት፣ ሙቀትና ስሜት። ምሳሌ፦

«በቀኝ ክንድ ውጭ፣ 1 ፓች፣ 40 በ 30 ሚ.ሜ፣ ከዙሪያው የነጣ ግን እንደ ኖራ ያልነጣ፣ ጠርዙ የሚለይ፣ ደረቅ፣ ፀጉር የሳሳበት፣ ቅርፍርፍ የለም፣ በጥጥ ሲነካ ስሜት የለም። ቀኝ አልናር ነርቭ ከግራው ወፍሯል።»

ይህን የጻፈ ተማሪ ስሙን ባያውቀው እንኳ ታማሚውን አድኗል፤ የሚያነበው ሐኪም ያውቀዋል። «ቀኝ እጅ ላይ ቁስል» ብሎ የጻፈ ግን ምንም አልጻፈም።

ደረጃ 7፦ አሁን ስም ፈልጉ

የነጣ ምልክት

• ለምጽ፦ እንደ ወተት ፍጹም ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቅርፍርፍ የሌለው፣ ስሜት ያለው። ፀጉሩም ሊነጣ ይችላል። አይተላለፍም።
• በእርሾ መሰል ፈንገስ የሚመጣ ቋቁቻ፦ ደረት፣ ጀርባና አንገት ላይ። በጥፍር ፋቅ ስታደርጉት ደቃቅ ቅርፍርፍ ይወጣል። ስሜት አለ። ፈንገሱ ከሞተ በኋላ ቀለሙ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል።
• የልጅ ጉንጭ ላይ ጠርዙ የማይለይ፣ ደረቅ፣ ፈዘዝ ያለ ምልክት፦ ብዙውን ጊዜ ቀላል የችፌ ዓይነት ነው፤ ቫዝሊን ይበቃዋል።
• ሥጋ ደዌ፦ ነጣ ያለ ወይም መዳብ የሚመስል፣ ስሜት የጠፋበት፣ ላብ የሌለበት። የስሜት መጥፋት ወይም የወፈረ ነርቭ ካገኛችሁ በዚያው ቀን ለኃላፊያችሁ አሳዩ። እስከ 5 ምልክት ያለው ነርቭ ካልተነካና የቆዳ ናሙናው ነጻ ከሆነ ሕክምናው 6 ወር፣ ከዚያ ውጭ ያለው 12 ወር ነው። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፣ ክሎፋዚሚን ደግሞ ቆዳን ያጠቁራል፤ ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችሁ ታማሚው ደንግጦ ያቋርጣል። «ቆማጣ» የሚለውን ቃል በክፍሉም በኮሪደሩም አትናገሩ። ያንን ቃል የሰማ ሰው አይመለስም።

እከክ

ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፣ አብሮ የሚያከው ሰው፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብና በብልት አካባቢ ፓፒውሎች። ሕፃናት ላይ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ራስም ይጨመራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ «እኔ አያሳክከኝም» ያለው የቤተሰብ አባልም ይታከማል።

ፐርሜትሪን 5 በመቶ ከታዘዘ አቀባቡ ይህ ነው፦

1. ሰውነቱ ታጥቦ ይድረቅና ይቀዝቅዝ።
2. ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ ሳይዘለል ይቀባ። ጥፍር ሥር፣ እምብርት፣ የመቀመጫ መካከልና ብልት ይረሳሉ። ለአዋቂ 30 ግራም ያህል ይፈጃል። ለሕፃናት ፊትን ሳይጨምር ራስም ይቀባል።
3. ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆይ። እጅ ከታጠበ እጁ እንደገና ይቀባ።
4. ከ7 ቀን በኋላ ይደገም።
5. አብረው የሚኖሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀቡ።
6. ልብስና አንሶላ በጣም በሞቀ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። መታጠብ የማይችለው በፌስታል ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቀመጥ፤ ተባይዋ ከሰው ውጭ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አትቆይም።

ቤንዚል ቤንዞኤት ወይም የድኝ ቅባት ከታዘዘ የቀኑ ብዛት ስለሚለያይ ማዘዣውን ተከተሉ። ቤንዚል ቤንዞኤት ለአዋቂ 25 በመቶ ነው፤ ለሕፃናት ሳይቀጠን አይሰጥም።

የአብነት ተማሪ ከመጣ አንዱን ብቻ ማከም መድኃኒት ማባከን ነው። በአንዲት ጎጆ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ ደበሎና ለምድ ይዋዋሳሉ። የኔታን አስፈቅዳችሁ የጎጆውን ልጆች ሁሉ ቁጠሩ፤ መድኃኒቱ ለሁሉም እስኪበቃ ድረስ ዘመቻውን አትጀምሩ። ደበሎ በሞቀ ውሃ ስለማይታጠብ ታስሮ ይቀመጥ፤ በነዚያ 3 ሌሊቶች የሚለብሱት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አስቀድሞ ካልተገኘ ግን ልጁ ብርዱን ስለማይችለው ደበሎውን ፈትቶ ይለብሳል፤ ሁሉም ይበላሻል።

ካልሠራ፦ ከትክክለኛ ሕክምና በኋላም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ አለመዳን አይደለም። አዲስ ፓፒውል ከወጣ ግን ያልተቀባ ሰው ወይም የተዘለለ ቦታ ፈልጉ። የማር ቀለም ቅርፊት ከተጨመረ ባክቴሪያ ገብቷል። የልጁን ፊት ማበጥና የሽንቱን መጥቆር ጠይቁ፤ ኩላሊቱ ሊነካ ይችላልና።

ጭርትና ቆረቆር

የሰውነት ጭርት ጠርዙ ከፍ ያለና ቅርፍርፍ ያለው፣ መሃሉ የሚጠራ ክብ ነው። ናሙና ከጠርዙ ፍቃችሁ ውሰዱ፤ ከመሃሉ ከወሰዳችሁ ላቦራቶሪው ምንም አያገኝም። ክቡ ቅርጹ ከጠፋና ሰውየው ከሱቅ የገዛውን ቅባት ሲቀባ ከከረመ ስቴሮይድ እንዳለበት ጠርጥሩ፤ ስቴሮይድ ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ፈንገሱን ግን ይመግባል።

ለቆረቆር ግሪሲዮፉልቪን ሲታዘዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይዋጣል፤ የሚዋሃደው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው። በጾም ወተትና ቅቤ ስለሌለ በኑግ ዘይት ከተሠራ ሽሮ ጋር እንዲዋጥ ምከሩ።

የእግር እብጠት (ዝሆኔ)

በጎጃም ደጋ፣ በቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሠሩ ሰዎች የሚታየው ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል ግን እኩል አያሳብጥም። ስሜት አይጠፋም፤ ከጠፋ ሥጋ ደዌን አስቡ። ከብሽሽት ወይም ከብልት ከጀመረ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

እንክብካቤውን በራሳችሁ እጅ አሳዩ፦ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት (በጣቶች መካከል ሳይሆን)፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና እግርን ሙሉ የሚሸፍን ጫማ። በረባሶ አፈሩን አያግድም። ትኩሳትና የሚያቃጥል ሕመም በድንገት ከመጣ እግሩ ይረፍ፣ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይንከር፣ ፋሻ አትጠቅልሉበት፣ ወደ ኃላፊያችሁ ውሰዱት።

ቁንጭር

ፊት ላይ፣ በተለይ አፍንጫ፣ ጉንጭና ከንፈር ላይ ለወራት የቆየ፣ የማያም፣ ቅርፊት ያለው እብጠት ወይም ቁስል። ሊሽማንያ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ የሚያመጣው ነው፤ ሽኮኮ በሚበዛበት ገደልና ዋሻ አቅራቢያ የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች። አትተኩሱት፣ አሲድ አትንኩት። ናሙና ወደሚወሰድበት ሆስፒታል ላኩ።

አልማዝ ባለጭራ

በአንድ ወገን ብቻ በነርቭ መስመር የተሰለፉ ውሃ የቋጠሩ ፍንጣሪዎች ናቸው። መድኃኒቱ የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ ቀጠሮ አትስጡ። የኤችአይቪ ምርመራም አማክሩ። ግንባር ወይም የአፍንጫ ጫፍ ላይ ካለ ዓይኑ አደጋ ላይ ነው።

ሳትጨርሱ የምትሮጡባቸው ምልክቶች

ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ምርመራውን አቋርጡና ኃላፊውን ጥሩ፦

1. አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የሚላጥ ወይም ውሃ የሚቋጥር ቆዳ፣ ከአፍ ወይም ከዓይን ቁስል ጋር። መድኃኒቱን የያዘውን ፓኬት አብራችሁ ላኩ።
2. ትኩሳትና በመስታወት ሲጫን የማይጠፋ ነጠብጣብ።
3. የከንፈር ወይም የፊት ማበጥ ከትንፋሽ ማጠር ጋር።
4. ከሚታየው በላይ የሚያም፣ በሰዓታት የሚሰፋ ወይም የሚጠቁር ቆዳ። ጠርዙን በእስክርቢቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት።
5. የሥጋ ደዌ ታማሚ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ከዛለ፣ ዓይኑ መከደን ካቃተው። ነርቩ እየሞተ ነው፤ ሕክምናው በቀናት ውስጥ ካልተጀመረ ላይመለስ ይችላል።
6. ትኩሳት ያለው ወይም አልጠባ ያለ አራስ ላይ ማንኛውም ውሃ ወይም መግል የቋጠረ ሽፍታ።